ጋምቢያን በኮምፓስ፦ የአገሮችን ቅርጽ ስለካ የቆየሁባቸው ስምንት ወራት

ትናንት ማታ ከወንዙ በቀር ምንም ሳልገለብጥ፣ በሴኔጋል ተከባ በጋምቢያ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋችውን የጋምቢያን ድንበር ሠራሁና በእውነተኛው ካርታ ላይ ደረብኩት። በምሥራቁ በኩል ሁለቱ መስመሮች እየተጠማዘዙ አብረው ሲሄዱ ሳይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስምንት ወር የለፋሁበት ነገር ነውና ለእናንተ ሳላካፍል አላድርም።

አጀማመሬ እንደ ማንኛውም ተማሪ ነው። የአገሮችን ቅርጽ በአምስት የሚከፍለውን ሰንጠረዥ ሸመደድኩ፦ የታመቀ፣ የተራዘመ፣ ምላስ ያወጣ፣ የተበታተነ፣ ሆዱ የተበሳ። ፖላንድ፣ ቺሊ፣ ናሚቢያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ደቡብ አፍሪካ። ለዚህ ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሰንጠረዡ ላይ መቆየት ዕድሜ ማባከን ነው። ስሙን ማወቅ ናሚቢያ ምላስ ያወጣችበትን ምክንያት አይነግርም። ያ ምላስ የመጣው በ1890 እ.ኤ.አ. ያኔ ናሚቢያን ትገዛ የነበረችው ጀርመን ከብሪታንያ ጋር ተዋውላ እስከ ዛምቤዚ ወንዝ የሚደርስ ቀጭን መሬት ስለወሰደች ነው። ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መውጫ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ወረድ ብሎ ቪክቶሪያ ፏፏቴ አለ፤ ጀልባ አያሳልፍም።

ያንገላታኝ የክሩ ጉዳይ ነው። አንድ አገር ምን ያህል የታመቀ እንደሆነ በቁጥር ለማወቅ የቆዳ ስፋቱን ከዙሪያው ርዝመት ጋር ማነጻጸር ይቻላል የሚል አንብቤ ነበር። ስለዚህ የልብስ መስፊያ ክር በውሃ እያራስኩ ድንበሩን ተከትዬ በጣቴ ጫፍ ካርታው ላይ አጣብቃለሁ፤ ከዚያ አንስቼ በማስመሪያ እለካና ወደ ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። ውጤቱ በየካርታው ይለያያል። ያው አገር በትልቁ ካርታ ላይ ሲለካ ሁልጊዜ ይረዝማል። መጀመሪያ ክሩን ጠረጠርኩ፤ ሲርስ ይለጠጣል ብዬ ወፍራም ገዛሁ። ቀጥሎ እጄን ጠረጠርኩ፤ አንዱን ድንበር አሥር ጊዜ ለካሁ። አንድ ወር ተኩል በዚሁ አለቀ።

መልሱን ያገኘሁት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ካስተዋለው ነገር ነው። ስፔንና ፖርቱጋል የሚጋሩት ያው አንድ ድንበር በአንድ በኩል 987፣ በሌላ በኩል 1,214 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተመዝግቦ አገኘ። ጥፋቱ የክር አልነበረም። መለኪያው ባጠረ ቁጥር እያንዳንዷን ጠመዝማዛ ስለሚከተል ድንበሩ ይረዝማል። እዚህ ላይ ልናዘዝ፦ ለጥናት ጓደኞቼ መጀመሪያ የበተንኩት ሰንጠረዥ የአንዱን አገር ዙሪያ ከትልቅ ካርታ፣ የሌላውን ከትንሽ ካርታ ወስዶ የሚያወዳድር ነበር። በእጃችሁ ካለ እባካችሁ ጣሉት።

አሁን ክር ትቼ ኮምፓስ ይዣለሁ። አገሩን ሙሉ በሙሉ የሚይዘውን ትንሹን ክብ እሠራና አገሩ ከክቡ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚሞላ አሰላለሁ። ጋምቢያ ከክቧ አንድ ስምንተኛ ገደማ ትሞላለች። 4,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝመው ቺሊ አንድ ሃያኛ ገደማ ብቻ። ኮምፓስ ስትገዙ መቆለፊያ ብሎን ያለውን ምረጡ፤ የላላ ኮምፓስ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ለትናንቱ ደስታ ያበቃኝም ይኸው ኮምፓስ ነው። የጋምቢያ ድንበር የእንግሊዝ መርከቦች መድፍ እስከደረሰበት ነው የተሰመረው የሚል ተረት አለ። በ1889 እ.ኤ.አ. ብሪታንያና ፈረንሳይ የተዋዋሉት ግን ወደ ላይኛው ወንዝ ሲኬድ ከወንዙ ግራና ቀኝ 10 ኪሎ ሜትር በሚል ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር በሚሆንበት ካርታ ላይ ኮምፓሱን አንድ ሴንቲ ሜትር ከፈትኩና መርፌውን በወንዙ ላይ እያራመድኩ ቅስቶቹን ደረደርኩ። የቅስቶቹን ውጫዊ ጠርዝ ሳገናኝ ጋምቢያ ወጣች። ምዕራቡ አልተሳካልኝም፤ እዚያ ድንበሩ በአብዛኛው ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ማስመሪያ ይፈልጋል።

ይህን በእጅ ሳይሠሩ ሴኔጋል ለምን ለሁለት እንደተከፈለች መረዳት የሚቻል አይመስለኝም። ኮምፓሴ የሄደበት መንገድ የሴኔጋልን ደቡባዊ ክፍል ካዛማንስን ከተቀረው ሴኔጋል የለየው መስመር ነው። በጋምቢያዋ ከተማ ፋራፌኒ አጠገብ በወንዙ ላይ ድልድይ የተከፈተው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ጀልባ መጠበቅ አለዚያም በምሥራቅ ዞሮ መሄድ ነበረበት።

የቀረኝ ችግር ሌሶቶ ናት። 30,355 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሌላ አገር በደቡብ አፍሪካ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል፤ የክቡ ዘዴ ግን ቀዳዳው መሐል ላይ ይሁን ጠርዝ ላይ አይለይም። ሁለቱን ሊለይ የሚችል አለካክ የሞከረ ካለ ይጻፍልኝ።