ቁልፉን ከያዝኩ በኋላ የጀመርኩት ትምህርት

ልጆቹ ነቅተው ሳሉ አንድ ሠራተኛ ለ8 ልጆች፣ ሲተኙ አንድ ሠራተኛ ለ16። ሜሪላንድ ውስጥ በምሠራበት የታዳጊዎች ማቆያ ይህን ቁጥር የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ ፈረቃ ስንረካከብ ከሁሉ አስቀድመን የምናየው እሱን ነው። ከየት እንደመጣ ግን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያወቅኩት ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ኮንግረስ በ2003 በእስር ቤቶች የሚፈጸመውን የወሲብ ጥቃት የሚከላከል ሕግ አወጣ፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩ በ2012 ማስፈጸሚያ ደንቡን ሲያወጣ ተቆልፎባቸው ለሚኖሩ ልጆች ይህን መጠን ደነገገ። ያን ምዕራፍ ካነበብኩ ወዲህ ሰው ሲጎድል ማን ለምን አደጋ እንደሚጋለጥ አውቄ እናገራለሁ፣ ሰሚም አገኛለሁ። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የሀገራችንን ሕግ ስጠቅስ ብቻ በእኛው ይሆናል።)

ደሴ ሳለሁ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ እንደ ብዙዎቻችን አረጋውያንን በመንከባከብ ጀመርኩ። ማቆያው የቀጠረኝ ኋላ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ፣ የጣት አሻራ ምርመራና ሥልጠና በቂ ነበሩ። ሥራውን ወደድኩት። ሌሊት በየክፍሉ በር ትንሽ መስኮት በባትሪ እያየሁ አልፋለሁ፤ ልጁ አልጋው ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃኝም፣ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ ነው ሰዓቱን ጽፌ የምፈርመው። ቀን ግቢውን ሲያናውጡ የዋሉት ልጆች ተኝተው ሲታዩ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ፊት ይዘው አገኛቸዋለሁ። ስለ ማንኛቸውም ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሕጉም አይፈቅድ፣ እኔም አላደርገውም።

የበኩር ልጄ ኮሌጅ ሲገባ እኔም የማረሚያና የታዳጊዎች ፍትሕ የሚባለውን የመጀመሪያ ዲግሪ በኦንላይን ጀመርኩ። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ተገረመ። «አንቺ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከተማርሽ አይቀር ነርሲንግ አይሻልሽም?» አለችኝ አክስቴ። «እስር ቤት ለመሥራት ደግሞ ምን ዲግሪ ያስፈልጋል?» ያለኝም አለ። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። የእኛም ልጆች ችሎት ፊት ይቆማሉ፤ ችሎቱ እንዴት እንደሚሠራ ለወላጅ በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድ ለሚጠይቁኝ ባጭሩ ልንገራቸው። አንድ ኮርስ የሚያልቀው በስምንት ሳምንት ነው፤ አንድ ሳምንት የተዘናጋ ሰው ሲሯሯጥ ይከርማል። እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ለመምህሩ ጥያቄ መልስ ይጻፋል፣ እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት ለሌሎች ተማሪዎች አስተያየት ይሰጣል። ማቆያው ውስጥ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ አንዲት መስመር አላነብም። ከንጋቱ 1 ሰዓት ወጥቼ፣ ቤት ገብቼ፣ ቡና አፍልቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። እንቅልፍ ከዚያ በኋላ ነው። ፈተና ሲኖር ካሜራው በርቶ ክፍሉን በሙሉ ማሳየት ግዴታ ነው፤ ጠረጴዛውን፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ግድግዳውን። ጀበናዬና የግድግዳዬ ሥዕለ አድኅኖ በስንት የፈተና ቅጂ ላይ እንዳሉ እግዚአብሔር ይወቅ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር። ከዚህ በፊት የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለውና ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ ማግኘት ይችላል፤ ዕድሜ አይከለክልም። የደሴ የመምህርነት ዲፕሎማዬን የውጭ ማስረጃ በሚመዝን ድርጅት አስገምግሜ የተወሰኑ ክሬዲቶች ተያዙልኝ፤ ትራንስክሪፕቱን እዚያ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቶ ያስላከልኝ ወንድሜ ነው። ኮሌጅ ስትመርጡ በታወቀ የዕውቅና ሰጪ አካል የተመዘገበ መሆኑን ሳታረጋግጡ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። ማስታወቂያው ያማረ ሁሉ ዲግሪው የሚቆጠር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የታዳጊዎች ፍርድ ቤት የተከፈተው በ1899 ቺካጎ ውስጥ ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ልጅ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋር አይከሰስ፣ ዳኛው እንደ አባት ይምከረው፣ ይገሥጸው፣ መንገድ ያሳየው። አባትና ልጅ ሲነጋገሩ ደግሞ ጠበቃ ምን ይሠራል? ስለዚህ ጠበቃ አልነበረም። ማስረጃውም እንደ አዋቂ ችሎት አይመዘንም፣ የሚባለውም ብዙ ጊዜ በመዝገብ አይሰፍርም።

ይህ አሠራር ምን እንዳመጣ ያየሁት በጄራልድ ጎልት መዝገብ ነው። ሰኔ 1964፣ ግሎብ የምትባል የአሪዞና ከተማ። ጄራልድ 15 ዓመቱ ነው። ጎረቤት የሆነች ሴት በስልክ ጸያፍ ነገር ተናገሩኝ ብላ አመለከተችና ፖሊስ ልጁን ከቤቱ ወሰደው። እናትም አባትም ሥራ ላይ ነበሩ። ቤት ውስጥ የተተወ መልእክት የለም። እናቱ ወደ ማታ ከሥራ ስትመለስ ልጇን አጣችው፤ ታላቅ ወንድሙን ልካ ስታፈላልግ ነው መያዙን የሰማችው። ለቀጣዩ ችሎት የደረሳት ማስታወቂያ ማኅተም የሌለው ተራ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነበር፤ ቀኑንና ሰዓቱን እንጂ ልጁ በምን እንደተከሰሰ አይናገርም። ከሳሿ ችሎት ቀርባ አልመሰከረችም። ጠበቃ አልነበረም። አንድ አዋቂ በዚያ ጥፋት ቢከሰስ ከ5 እስከ 50 ዶላር ቢቀጣ ወይም እስከ ሁለት ወር ቢታሰር ነው። ጄራልድ ግን 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ማለትም እስከ ስድስት ዓመት ሊቆይ ወደሚችልበት የግዛቱ ማረሚያ ተላከ።

ይህን ሳነብ ያሰብኩት የእኛን እናቶች ነው። ሌሊት ሆቴል የሚያጸዱትን፣ ንጋት ላይ የፓርኪንግ ዳስ የሚከፍቱትን፣ በሁለት ሥራ መካከል አውቶቡስ የሚጠብቁትን። ልጇ በተያዘበት ሰዓት ቤት ያልነበረችው የጄራልድ እናት ከእነሱ በምን ትለያለች? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ፍርዱን ሲሽር ልጅም እንደ ሰው ክሱን በጽሑፍ የማወቅ፣ ጠበቃ የማግኘት፣ ምስክር የመጠየቅና በራሱ ላይ ያለመመስከር መብት እንዳለው ወሰነ። ወላጆቹ ጠበቃ መቅጠር ካልቻሉ መንግሥት ያቆምለታል። እነዚህ መብቶች ያለ ጄራልድና ያለ ወላጆቹ ሙግት አይገኙም ነበር።

ከእኛ ወላጆች ጋር ስነጋገር ግን የብዙዎቹ ልብ የሚያውቀው የ1899ኙን ችሎት ነው። ያደግነው በሽምግልና ነው። አጥፊው እውነቱን ይናገራል፣ ጉልበት ይስማል፣ ካሣው ተቆርጦ ነገሩ ይበርዳል። ይህ የምኮራበት ባህል ነው። ስለዚህ ፖሊስ ሲደውል እናት ስልኩ ላይ ለልጇ «ሁሉንም ንገራቸውና ይቅርታ ጠይቅ» ትላለች። ከፊቷ ያለው ግን የሰፈር ሽማግሌ አይደለም፤ ልጁ የተናገረው ቃል ተመዝግቦ መልሶ የሚነበብበት ማስረጃ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ፖሊስ በቁጥጥር ስር ያለን ልጅ ከመመርመሩ በፊት ልጁ ከጠበቃ ጋር እንዲነጋገርና ወላጁም እንዲነገረው ያዛል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ተሰጥቶት ሳለ፣ ልጁን እንዲናገር የምትገፋው እናቱ መሆኗ ያንገበግበኛል። ይቅርታው ይቀርባል፤ መጀመሪያ ጠበቃ፣ ከዚያ ይቅርታ።

ሌላም አለ። «እባክሽ አንድ ቀን ወስደሽ እስር ቤቱን አሳዪልኝ፣ ይደንግጥና ይስተካከል» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ከጭንቀት የመጣ ነው፤ ይገባኛል። በ1970ዎቹ ኒው ጀርሲ ራህዌይ እስር ቤት ውስጥ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች ልጆችን ሰብስበው እየጮሁ የሚያስፈራሩበት ፕሮግራም ነበር፤ በየግዛቱ ተቀዳ። ኋላ ተመራማሪዎች የተወሰዱትን ልጆች ካልተወሰዱት ጋር ሲያስተያዩ የተወሰዱት ይብስ ማጥፋታቸው ታየ። ቴሪ ሞፊት የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1993 ባወጣችው ጽሑፍ ደግሞ ከሚያጠፉት ታዳጊዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ሲበስል እንደሚተዉት፣ ከልጅነት ጀምሮ እስከ ጉልምስና የሚዘልቁት ጥቂቶች እንደሆኑ አሳየች። ለአባቶቹ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ልጅህ ምናልባት ከሚተዉት ወገን ነው፤ እስኪተው ድረስ ከትምህርት ቤቱ፣ ከኳሱ፣ ከአያቱ ቤት እንዳይነጠል አድርግ።

ለአንድ ኮርስ የሀገራችንን ሕግ ከዚህኛው ጋር ያነጻጸረ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል እንደማይጠየቅ፣ ከ9 እስከ 15 ያሉት የአዋቂ ቅጣት እንደማይወሰንባቸውና ከአዋቂዎች ጋር እንደማይታሰሩ ይደነግጋል። ሜሪላንድ በ2022 ባወጣችው ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከተወሰኑ ከባድ ጥፋቶች በስተቀር እንዳይከሰስ አደረገች፤ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን እስከ ዛሬ ዝቅተኛውን ዕድሜ በሕግ አልወሰኑም። የክፍል ጓደኞቼ ይህን ማመን አቅቷቸው ምንጩን ደጋግመው ጠየቁኝ። በሕግ መጻፉና በተግባር መዋሉ የተለያየ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ፣ ጽሑፌም ላይ አስፍሬዋለሁ። ቢሆንም የሀገሬን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ አቅርቤ ስከራከር ደስ አለኝ።

የቀረኝ የተግባር ልምምዱ ነው፤ ችሎት ውስጥ ተቀምጬ የአመክሮ ሠራተኞችን ሥራ እከታተላለሁ። እስከዚያው ግን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከወላጆች ጋር መቀመጥ ጀምረናል። ባለፈው አንድ አባት ተነሥተው «እኅቴ፣ ጠበቃ ካቆምኩማ ልጄ ጥፋተኛ ነው ብዬ ማመኔ አይደለም ወይ?» አሉኝ። አይደለም፣ ጋሼ። ጠበቃ ስላቆመ ጥፋተኛ የሚባል ልጅ የለም፤ ዳኛውም በዚህ አይፈርድበትም። ፖሊስ ከደወለልዎ ስምዎንና የልጅዎን ስም ይንገሩ፣ የት እንዳለ ይጠይቁ፣ ጠበቃ እንፈልጋለን ይበሉ፣ ከዚያ ወደዚያው ይሂዱ። ስለ ጉዳዩ ሌላ ምንም አይናገሩ። እሳቸውም ብዕር አውጥተው በቅዳሴ መጽሐፋቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉትና «ቀጥሎ ችሎቱ መቼ ነው?» ብለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።