የጓሮው አራት ክፍል እና ኮሮና

እናቴ ጓሮ ውስጥ አራት ክፍል አላት። ሁለቱን በእቁብ ብር ነው ያሰራቻቸው ሁለቱን ደግሞ ከማይክሮ ፋይናንስ ተበድራ፣ የጭቃ ቤት ናቸው፣ ወለላቸው ሊሾ። ልብስ የሚሰፋበት የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ላይ ሲመረቅ የኛ ሰፈር ሰው በሙሉ ጓሮው ላይ ክፍል መቀጠል ጀመረ፣ ምክንያቱም ከወላይታ ከሲዳማ ገጠር ከጋሞ ልጆች በብዛት እየመጡ ነበር፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አስራ ስምንት አስራ ዘጠኝ አመት ቢሆናቸው ነው፣ ማደሪያ ደግሞ የለም።

ስለ ኮሮና ወሬ ሲነሳ ሰው ስለ ማስክ፣ ስለ ሳኒታይዘር፣ በክርን ሰላም ስለመባባል ምናምን ያወራል። እኔ ግን ቶሎ ትዝ የሚለኝ የነዛ አራት በሮች ቁልፍ እናቴ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ሲንኳኳ ነው። አራቱም ቁልፍ በአንድ ክር ታስሮ ለወራት ኪሷ ውስጥ ነበር።

አንድ ክፍል 1200 ብር ነበር፣ ለአራት ሲሆኑ ለእያንዳንዳቸው 300። የዛኔ የፓርኩ መነሻ ደሞዝ ሺህ ብር አይሞላም፣ እና ከዛ ላይ ኪራይ ከፍለው፣ ሽሮና በርበሬ ገዝተው፣ ካርድ ሞልተው፣ ለታናናሾቻቸው ደብተር ይልካሉ። እንዴት እንደሚያብቃቁት እስካሁን ይገርመኛል። እናቴ ደግሞ ከነሱ በሚመጣው ነው የምትኖረው፣ የእድር፣ የወንድሜ ትምህርት ቤት፣ የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ፣ ሁሉም ከዛው ነው። ማለትም ኒውዮርክ አንድ ሱቅ ውስጥ ሸሚዝ ሲሸጥ እናቴ እቤት ሽንኩርት ይገዛል ማለት ነው። ይሄን ያወቅነው ሱቆቹ ሲዘጉ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ ተባለ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዛ ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ ከስራ መመለስ ጀመሩ፣ እኛ ደግሞ የለመድነው ማታ ፈረቃ ጨርሰው ተሰብስበው ሲመጡ ነው። ምነው ስንላቸው ኦርደር ተሰረዘ ይላሉ። አውሮፓና አሜሪካ ገዢ የለም፣ ከኤዥያ ይመጣ የነበረው ጨርቅም ቀርቷል። አንዳንዱ ሼድ በኋላ ማስክ ወደ መስፋት ዞሯል፣ የኛዎቹ ግን ቤተሰቦቻችሁ ጋ ሂዱና ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ ተብለው ነው የተሸኙት።

በአንድ ሳምንት ውስጥ አስራ ስድስቱም ወጡ። ፍራሻቸውን ጠቅልለው በገመድ አስረው፣ ድስትና ጀሪካናቸውን እላዩ ላይ ደርድረው፣ እማማ አደራ ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን ብለው ቁልፉን ሰጧት። ትልቋ ልጅ፣ ከሶዶ አካባቢ ናት፣ የግማሽ ወር ኪራይ ቆጥራ ስትሰጣት እናቴ እጇን መልሳ ዘጋችባት፣ "ለመንገድሽ ይሁን ልጄ" አለቻት። የዛን ቀን ማታ ብድሩን በምን እንደምትከፍል ታውቅ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ እንደማታውቅ አይቻለሁ።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መኪና በግማሽ እንዲጭን ተደረገ ታሪፉ ደግሞ እጥፍ ሆነ፣ አከራይ ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም አይችልም ተባለ። ይሄን የመጨረሻውን እደግፋለሁ፣ ያኔም ደግፌያለሁ፣ በዛ ሰአት ሰው ከቤት ማስወጣት ግፍ ነው። ግን አከራይ ሲባል ፎቅ ያለው ሰው ብቻ ነው የታሰበው፣ እንደ እናቴ በአራት ክፍል የምትተዳደር አከራይ ከተከራዮቿ ባልተናነሰ በፋብሪካው ደሞዝ ላይ ነው የተንጠለጠለችው። ፓርኩ በር ላይ ድንችና ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ፣ ባጃጆቹ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ሁሉም እንደዛው። የሱ የዱቤ ደብተር ላይ የልጆቹ ስም በየገጹ ነበር፣ ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ሳሙና አንድ፣ ፓስታ ሁለት። አንድም ስም አልሰረዘም። ይመጣሉ ብሎ ዝም ብሎ ጠበቀ። ፋብሪካ ሲዘጋ የሚቆጠረው ፔሮል ላይ ያለው ሰው ነው፣ ከፔሮሉ ስር ያለውን ማን ይቁጠረው?

ብሩስ እሺ። እኔን የጎዳኝ ለቅሶው ነው።

ሚያዝያ ላይ ከፊት ለፊታችን ያሉት አባባ አረፉ፣ በኮሮና አይደለም፣ የቆየ ስኳር ነበረባቸው። ድንኳን አልተጣለም። እድሩ ወንበርና ድስቱን አላወጣም፣ ንፍሮ የለም፣ ሶስት አራት ሰው ቀበረና ተመለሰ። እናቴ ከሰላሳ አመት በላይ አብራቸው ቡና የጠጣች ጎረቤት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ የኛ በር ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠችና መንገዱን ተሻግራ ሳትሄድ ከዚህ ሆና አለቀሰች፣ ሚስትየዋም ከዛ ማዶ ከራሳቸው በር ሆነው ይመልሱላታል። መሃል ላይ ያለው መንገድ ባጃጅ ብቻ የምታሳልፍ ኮብልስቶን ነው። እስካሁን ሁለቱ ሲገናኙ በደንብ አላለቀስንላቸውም ይላሉ።

እናቴ እነዛን ወራት ባህር ዛፍ ቅጠል እያፈላች ክፍሎቹን ባዶአቸውን ታጥናቸው ነበር። ኅዳር ሲታጠንን ከአያቷ ነው የለመደችው፣ በ1911 ዓ.ም የገባው የኅዳር በሽታ፣ ፈረንጆቹ የስፔን ጉንፋን የሚሉት፣ ያኔ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው የተረፉበት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው ከዛ ጋር ተያይዞ ነው። መቶ አመት አልፎም አንድ በሽታ በጭስ ሲታወስ ይኖራል፣ የኮሮና ማስታወሻ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ፖለቲካው ደግሞ አለ። ነሐሴ 23 ይካሄዳል የተባለው ምርጫ በበሽታው ምክንያት እንደማይቻል ቦርዱ መጋቢት 22 አሳወቀ፣ ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግስትን ስልጣን አራዘመ፣ ትግራይ አልቀበልም ብሎ ጳጉሜ 4 የራሱን ምርጫ አደረገ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነት። ጠቡ ከኮሮና በፊትም እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ ኮሮና ጦርነት አመጣ አልልም፣ ግን የምርጫው መራዘም አንዱ መጨቃጨቂያ ሆነ። ሀዋሳ እኮ የሲዳማ ክልል መቀመጫ የሆነችውም በዛው ሰሞን ነው፣ ሰኔ 11፣ ያን ያህል ሰው በሰልፍ ቆሞ ድምፅ የሰጠበት ጉዳይ በማስክ አለፈ።

ጦርነቱ ነው የጓሮውን ነገር የጨረሰው። በ2013 ስራው ሲነቃቃ ከአስራ ስድስቱ ሰባቱ ተመልሰው መጥተው ነበር፣ ባለሱቁም የሰባቱን ዱቤ ሰረዘ፣ እናቴም ብድሩን እንደገና መክፈል ጀምራለች። ከዛ ኅዳር 2014 ከፓርኩ ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ፣ ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ በጦርነቱ ሰበብ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ንግድ እድል አስወጣች፣ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጫነበት። በኮሮና ጊዜ ቢያንስ እንጠራችኋለን ተብለው ነበር የሄዱት። በዚህኛው ማንም እንደዛ አላላቸውም።

አሁን ክፍሎቹን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘዋቸዋል፣ ኪራዩም ጨምሯል፣ ብድሩ አልቋል። የቀሩትን ፍራሾች ባለቤቶቻቸው በየጊዜው ሰው ልከው ወሰዱ፣ የትልቋ ልጅ ብቻ ነው የቀረው፣ የሶዶዋ። እሷ አረብ አገር ሄዳለች። ባለፈው በኢሞ ደውላ ከእናቴ ጋር ብዙ ተላቀሱና በመሃል "እማማ፣ ፍራሼ አለ?" አለቻት።

"አለ" አለቻት እናቴ፣ "ትናንት ነው ፀሐይ ላይ ያወጣሁት።"