ሐረጎ ላይ የሰማሁት ቻይንኛ

ሐምሌ ነው፤ የደሴው ተራራ ጦሳ ጭጋጉን ተከናንቧል። አጎቴ ኮምቦልቻ የታመመ ሊጠይቁ ስለሆነ የእህቴን ባል አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ተዋስኩ። ዳሽቦርዷ ላይ አንድ ቁልፍ የለም፤ አክምባሎ የሚያክል ስክሪን ብቻ፣ እሱም ከነቻይንኛው።

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር የፊት መስታወቱ ጉም ለበሰ። ሁለት ሰው፣ አንድ እርጥብ ጋቢ፣ የተዘጋ መስኮት፤ ትንፋሽ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ሲያርፍ ሌላ ምን ይሆናል? መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፦ አየሩን ከውጭ ማስገባት፣ ነፋሱን ወደ መስታወት መላክ፣ ኤሲውን ማብራት። (ኤሲ ለማቀዝቀዝ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የአየሩን እርጥበት የሚመጥጠው እሱ ነው።) የአጎቴ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ኤሲ ባይኖራትም በዳበሳ አንዷን ወደ መስታወት፣ አንዷን ወደ ሙቅ፣ ፋኑን ከፍ፤ አለቀ። እኔ ግን ጥግ ይዤ ቆሜ የነፋስ ሥዕል ፍለጋ ሦስት ገጽ ገባሁ።

ጣቴ ደግሞ እርጥብ ነው። ይህ ዓይነቱ ስክሪን ጣትን የሚያውቀው ከመስታወቱ ሥር ያለውን ስስ የኤሌክትሪክ መስክ ስለሚረብሸው ነው፤ ውሃም ይረብሸዋል፣ ስለዚህ ጠብታውን ሁሉ ጣት ያደርገዋል። አጎቴ «ቆይ ልጥረግልህ» ብለው በዚያው በእርጥቡ ጋቢ ጥርግ! የጣሪያው መጋረጃ ተከፈተ፣ ወንበሩ መሞቅ ጀመረ፣ አንዲት ሴትዮ በቻይንኛ ቀጠለች።

«ምን ትላለች?»
«እኔንጃ።»
«አብሽሪ በላታ!»

ከዚያ ስክሪኑ ጭራሽ ደረቀ፤ ቢነኩት አይመልስም። አማቼ ጋ ደወልኩ። «መሪው ላይ ያለችውን የድምፅ ማዞሪያ 10 ሴኮንድ ተጭነህ ያዛት፤ ጠፍቶ ይነሳል» አለኝ። እንግዲህ ስክሪኑን ከሞት የምታስነሳው ከቁልፍ ዘር የተረፈችው እሷ ናት።

እስኪነሳ አጎቴ ስለ ዲኤክሳቸው ጀመሩ። አንዴ የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስታንስ ተቃጥሎ ትንንሾቹ ፍጥነቶች ጠፉ፤ ትልቁ ግን ሬዚስታንሱን ሳይነካ በቀጥታ ስለሚሄድ መሥራቱን ቀጠለ። ሁለት ብሎን ፈትተው ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ገጠሙባት። የፋኑ ማስተካከያ መያዣ ስትሰበር ደግሞ የብዕር ክዳን ሰኩባት፣ እስከ ዛሬ አለች። የዚችኛዋ ስክሪን ቢሰነጠቅስ? መስታወቱ፣ ንክኪ የሚያውቀው ንጣፍና ምስል የሚያወጣው ክፍል በሙጫ አንድ ላይ ስለተጣበቁ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ሙሉው ነው፤ አዲሱን ደግሞ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር ማስተዋወቅ ሊኖር ይችላል።

መኪና የሚፈትነው የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ እንኳ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሬቻ፣ ሀዛርድ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጥሪ የራሳቸው ቁልፍ እንዲኖራቸው በነጥብ ያበረታታል። ሐረጎን ቢያውቋት ጉም ማስለቀቂያውን ከሁሉ ያስቀድሙት ነበር።

ስክሪኑ ተነሳ፣ ጉሙ ለቀቀ፣ ኮምቦልቻ ስንገባ ፀሐዩ ያቃጥላል። የወንበሩን ማሞቂያ ማጥፊያ ግን ፈልጌ አጣሁት። አጎቴ ሲወርዱ ወንበሩን ዳበስ አደረጉና «ስትመለስ በቆሎ ጥበስባት» አሉኝ።