ኦስሎ ያልታየው ስንጥቅ ጎንደር ታየ

ኦስሎ ውስጥ ዕቃ መጋዘን ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ኮንክሪት ላይ መመላለስ ነው። የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ፈረቃ ደርቤ ገባሁ። የጥምቀት ትኬቴን ገንዘብ መሙላት ነበረብኛ።

ከዚያ ግራ እግሬ፣ ከጣቶቼ ትንሽ ከፍ ብሎ ያመኝ ጀመር። ስቀመጥ ይተወኛል፣ ስሄድ ይመለሳል። አልወደቅሁ፣ አልተመታሁ። ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። «አጥንትህ ደህና ነው» አሉኝ። ማስታገሻ እየዋጥኩ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ጎንደር ገባሁ። የከተራ ዕለት ታቦቱን አጅበን ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ፣ በእልልታውና በጭፈራው ሕመሙን ረሳሁት። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ ዳቦ መስሏል።

«ወለምታ ነው፤ ወጌሻ ያሽልሃል» አለች እናቴ። ቅቤም አዘጋጀች። የሰፈራችን ወጌሻ መጡ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አያ ነው የምንላቸው። ግን አላሹኝም። በአንድ ጣት አጥንቱን እየተከተሉ ጫን ጫን አደረጉ። አንዲት ነጥብ ላይ ሲደርሱ ጮህኩ።

«ይህን አላሸውም። ራጅ ተነሣ።»

«ተነሥቻለሁ እኮ አያ፤ ያውም ፈረንጅ አገር።»

«ድገመዋ!»

ደገምኩት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ አሳየኝ። ከመሐል ጣቴ በላይ ባለው ረጅም አጥንት ላይ ቀጭን መስመር አለ፤ ዙሪያውን ደመና የመሰለ ነገር ከቦታል። ደመናው አዲስ አጥንት ነው አለኝ። የኦስሎዎቹን ላማ ስጀምር አቋረጠኝ። በድካም የሚመጣ ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም። 2 ወይም 3 ሳምንት አልፎ አጥንቱ ራሱን መጠገን ሲጀምር ነው የሚወጣው። ቶሎ የሚያሳየው ኤም አር አይ የሚባለው በማግኔት የሚነሣ ምስል ነው።

አጥንት ለካ ሁልጊዜ እያረጀበት ያለውን ያፈርሳል፣ በምትኩ አዲስ ይሠራል። ጫናው ሲደጋገም ማፍረሱ ይፈጥናል፣ መሥራቱ አይደርስበትም። ሕመሙ የሚታወቀው በሯጮችና በምልምል ወታደሮች ነው። እኔ በካርቶን ተሰበርኩ።

የደም ምርመራው ደግሞ ቫይታሚን ዲ እንዳነሰኝ አሳየ። በታኅሣሥ ኦስሎ ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ያችንም መጋዘን ውስጥ ነው የማሳልፋት። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ቫይታሚኑን ለመሥራት የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። እንክብል ታዘዘልኝ። እናቴ በዚህ አልረካችም፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ጨቅላ ግቢ አውጥታ ፀሐይ ታሞቀኛለች።

ሌላው መድኃኒት ማረፍ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ሶሉ የማይታጠፍ ጫማ አድርጎ። ካመመ እርምጃ መቀነስ፣ ካላመመ ትንሽ መጨመር። ትኬቴን አራዘምኩ። አለቃዬ ደስ አላለውም፤ ምን ላድርገው?

ባለፈው ሐሙስ ያችን ነጥብ ስጫናት ዝም አለች። ቅቤው ግን ሁዳዴ ገባበትና ሳይታሽም ሳይበላም እንደተቀመጠ አለ።