የትኛውን ወቀሳ እንስማ?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይህ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም።

በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤት ደብረ ኤልያስ ላይ ተማሪ የቆጠረውን ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤት (ስንኝ) አጭር ቅኔ፣ ሲነግር፣ የኔታ «አይረባም» ብለው አያሰናብቱትም። ከሁለቱ ቤት የትኛው እንደጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ የቱ ጋ እንዳልገጠመ አሳይተው ያቀኑለታል። የሚሰማ ወቀሳ እንዲህ ጣቱን ቦታው ላይ ያሳርፋል።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቶቹ አራት ጊዜ ቢጠሩት ከሥራው አልወረደም፤ በአምስተኛው የላኩበትንም ክስ ፈጠራ ነው ብሎ ጣለው። ንጉሥ ዳዊት ግን ሳሚ የሚባል ሰው እየረገመው፣ ድንጋይ እየወረወረበት እንኳ ታገሠ። ስለዚህ ክፉ አነጋገር ብቻውን ወቀሳን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። አብዛኞቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩን ትተን ድምፁን እንመዝናለን።

የከበደንን ወቀሳ መልስ ሳይሰጡ አንድ ሌሊት ማሳደር፤ ከዚያ ለንስሐ አባት የተባለውን ቃል እንዳለ መንገር። ስናሳጥረው የራሳችንን ጥፋት ቆርጠን እናስቀራለን።