ፋኖሱን መስበር

ዘንድሮ ክረምቱ ደሴ ላይ ጠንክሯል፤ ከጦሳ የሚወርደው ጉም አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር ድረስ አይገፈፍም። ከቤት ላለመውጣት ሰበብ ስላገኘሁ፣ ለእረፍት ከኮምቦልቻ የመጣው የእህቴ ልጅ በላፕቶፑ ጭኖ ያመጣውን ሾቭል ናይት (ባለ አካፋው ፈረሰኛ እንደ ማለት) የተባለ ጌም ተራ በተራ ስንጫወት ሰነበትን። ጀግናው ሰማያዊ ጥሩር የለበሰ፣ በሰይፍ ፋንታ አካፋ የያዘ፣ ፈረሰኛ ተብሎ ፈረስ የሌለው ሰውዬ ነው። በአካፋው ይመታል፣ ይቆፍራል፤ ሽቅብ ዘሎም አካፋውን ወደ ታች ቀስሮ በጠላቶቹ አናት ላይ እየነጠረ ያልፋል።

ሥዕሉ ጠፍጣፋ ነው፤ የሰውዬውን አካል የሠሩትን ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች በጣት መቁጠር ይቻላል። እናቴ ቡና ልትቆላ ስትገባ አየት አድርጋ «ይኼ አንተ በልጅነትህ እራት ያስረሳህ የነበረው አይደለም እንዴ?» አለችኝ። አለመሆኑን ለማስረዳት ትንሽ ደከምሁ። ያት ክለብ ጌምስ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ጌሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ በኩል ከሕዝብ 75,000 ዶላር ለምኖ ከ311,000 ዶላር በላይ አግኝቷል። ያን ሁሉ ገንዘብ ያዋጣው ሰው አዲስ ነገር ሳይሆን አሮጌ መልክ ያለው ነገር ፈልጎ ማዋጣቱ ለእናቴ አልተዋጠላትም፤ «ገንዘብ የተረፈው» ብላ ምጣዷን አነሣች።

አሮጌው መልክ የተቀዳው ኒንቴንዶ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ካወጣው ፋሚኮም ከተባለው የጌም ማሽንና ከእርሱ ዘመን ጌሞች ነው። ወደ እኛ ሰፈር የደረሰው ቅጂው ነበር። አንድ ጎረቤታችን ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ጉልበታችንን አቅፈን ተደርድረን እንቀመጣለን፤ ክፍያው 25 ሳንቲም ሲሆን የሚያገለግለውም እስክንሞት ድረስ ብቻ ነው። ጠላት ሲበዛ ሥዕሎቹ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ። አቧራ ገብቶበት ነው ብለን ካሴቱን ነቅለን እፍ እንልበታለን፤ በዚህም ጨዋታው ከሀ ስለሚጀምር ተረኛው ልጅ ያለቅሳል። ማሽኑ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ትንንሽ ተንቀሳቃሽ ምስሎችን በአንድ ጊዜ ማሳየት ስለማይችል እንጂ አቧራው ምንም እንዳላደረገ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ትንፋሽ በከንቱ ጨርሰናል።

ሾቭል ናይት ይህን ብልጭ ድርግም አስቀርቶታል፤ በድሮው ማሽን ቀለሞች ላይም ጥቂት ጨምሯል፤ ስክሪኑንም አስፍቶታል። ከሙዚቃው ሁለቱን ዜማዎች የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1987 ለዚያው ማሽን የወጣውን ሜጋ ማን የተባለ ጌም ሙዚቃ የሠሩት ማናሚ ማትሱማኤ ናቸው፤ ዜማው ሲጀምር የመጋረጃው ሽታ ሳይቀር መጣብኝ። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የሞቱ አያያዝ ነው። እዚህ የሚቆጠር ነፍስ የለም። ሰውዬው ሲሞት ከሰበሰበው ወርቅ ከፊሉን ይጥላል፤ የጣለው ወርቅ ክንፍ ባላቸው ከረጢቶች ሆኖ በሞተበት ስፍራ ተንሳፍፎ ይጠብቀዋል። ተመልሶ ከደረሰባቸው ይወስዳቸዋል፤ ሳይደርስ በድጋሚ ከሞተ ግን የፊተኞቹ ይጠፋሉ። በ25 ሳንቲም ላደገ ሰው ይህ ከዳኝነት በላይ ምሕረት ነው።

በየመንገዱ ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ የሚበራ ፋኖስ የሚመስል ነገር አለ። በአጠገቡ ካለፍህ በኋላ ብትሞት የምትነሣው ከዚያው ነው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ግን ፋኖሱ በአካፋ እንዲሰበር አድርገውታል፤ ከተሰበረ ወርቅ ይረግፍለታል፣ በምትኩም መነሻህ ሆኖ ማገልገሉ ይቀራል። ይህን ያሰበ ሰው ተንኮለኛ ነው እላለሁ፤ ቁልፉን የሚጫነው ጣት የማንን እንጀራ በልቶ እንዳደገ ያሳብቃልና።

የእህቴ ልጅ ያገኘውን ፋኖስ ሁሉ ይሰብራል። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከባድ ቦታ ላይ፣ አንዱን ሊሰብር አካፋውን ሲያነሣ «ተው! ብትወድቅ ከየት ልትነሣ ነው?» ብዬ ክንዱን ያዝሁት። «አብሽር ጋሼ» አለና ሰበረው። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ገደል ገባ። ከረጢቶቹ ከገደሉ በላይ፣ በአየር ላይ፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ቀሩ። እኔ የራሴ ገንዘብ የተበተነ ያህል ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር፤ እሱ ግን እየሳቀ መንገዱን ሁሉ እንደገና መጣ፤ ከረጢቶቹ ጋ ለመድረስ ተንጠራርቶ ሲዘል ደግሞ ወደቀ። የፊተኞቹ ጠፉ። «ጠፋ በቃ» አለና የቀረበለትን ቡና ፉት አለ። አልተቆጨም፤ ተቆጭቶ የሚደብቅም አይመስልም ነበር። አቦሉን እኔ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘብኝ።

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ብቻዬን ከፈትሁት። መብራት ቢጠፋ እንኳ ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ ጌሙም የደረስሁበትን ይመዘግባል፤ ስለዚህ የምከስረው ነገር የለም። ያቺ ፋኖስ ጋ ደረስሁ። ወርቄ ብዙ ነበር፣ ጉልበቴም ሙሉ። አካፋውን በትክክለኛው ርቀት አስጠግቼ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። ጥቂት ቆይቼ ፋኖሷን እንደበራች ትቻት አለፍሁ፤ ገደሉንም በመጀመሪያው ዝላይ ተሻገርሁት።