«አስታወሰ» እና «እስከ» በእንግሊዝኛዬ ላይ የሠሩት

ለአንድ ደንበኛ በእንግሊዝኛ በጻፍሁት መልእክት ሰነዱን «አንቲል ፍራይዴይ» እልካለሁ አልሁ። ማለት የፈለግሁት ቢዘገይ ቢዘገይ ዓርብ ዕለት በእጁ ይገባል ነበር። ደንበኛው ግን እየቆራረስሁ እስከ ዓርብ ድረስ በየቀኑ የምልክለት መስሎት፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብልክለት እንደሚመርጥ በትሕትና መለሰልኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ መልሱን ሦስት ጊዜ ካነበብሁ በኋላ ነው። እኛ «እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ» እንላለን፤ «እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ»ም እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለመጠበቁ «አንቲል»ን፣ ለመጨረሱ ቀነ ገደብ ደግሞ «ባይ»ን ለይቶ ይጠቀማል።

ከዚያ በፊት ስሕተቴን ለማረም የምሞክረው እርስ በርስ የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላትን የሚዘረዝሩ መጻሕፍትን በመሸምደድ ነበር። እነዚህ ዝርዝሮች ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከ«ኢትስ» ነው፤ ባለ ጭረቱ «እሱ ነው» ማለት ሲሆን ጭረት የሌለው ባለቤትነትን ያሳያል። (በእኛ ፊደል ስጽፋቸው ልዩነታቸው መጥፋቱ ራሱ ብዙ ይናገራል።) እኔ ግን ይህን ስሕተት ሠርቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት፤ ዝርዝሮቹ የተዘጋጁት ቋንቋውን በልጅነታቸው በጆሯቸው ለተማሩ፣ ጽሕፈቱን ግን ኋላ ላይ ለደረሱበት ሰዎች ነው። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው «ሠረቀ» እና «ሰረቀ»ን ሲጽፍ የሚያመነታውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጆሮው አንድ ነገር ብቻ ይሰማል። እኔ እንግሊዝኛን የተማርሁት በዓይኔ ስለሆነ ችግሬ ሌላ ቦታ ነበር።

ስለዚህ የራሴን ዝርዝር ለማዘጋጀት አንድ ደብተር ያዝሁ። በግራ በኩል የተሳሳትሁትን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ በኩል ደግሞ በዚያች ቅጽበት በአእምሮዬ የነበረውን አማርኛ እጽፍ ጀመር። የጠቀመኝ የቀኙ ዓምድ ነው፤ ስድስት ወር ያህል ሳጠራቅም፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ስለተመሳሰሉብኝ ሳይሆን አንዱ የአማርኛ ቃል ሁለቱን ስለሸፈነብኝ እንደምሳሳት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዋነኛው ጥፋተኛ «አስታወሰ» ነበር። «ስሙን አስታወስሁ» እንላለን፤ «ቀጠሮዬን አስታውሰኝ»ም እንላለን፤ የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ «ሪሜምበር»፣ ሁለተኛው «ሪማይንድ» ነው። እኔ ለዓመታት ሰዎችን «ሪሜምበር ሚ» ስል፣ ስብሰባውን እንዲያስታውሱኝ የጠየቅሁ መስሎኝ እንዳይረሱኝ ስማጸን ኖሬአለሁ።

«ቦሮው» እና «ሌንድ» ግን ከዚህ ይለያሉ። አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ሥር ይዞ መነሻውን በመለወጥ ብቻ ተቀባዩንና ሰጪውን ይለያል፤ «ተዋሰ» እና «አዋሰ»፣ «ተበደረ» እና «አበደረ»። እንግሊዝኛ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቃላት ስላቆመ አንደበቴ ቀድሞ የመጣለትን ያነሣ ነበር። መፍትሔው «ቦሮው»ን ከ«ተ»፣ «ሌንድ»ን ከ«አ» ጋር አስሬ መያዝ ሆነ። «ሰለቸኝ» ለማለት «አይ አም ቦሪንግ» ብዬ ራሴን አሰልቺ ያደረግሁበት ቀንም በደብተሩ ውስጥ አለ፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

ከታወቁት ዝርዝሮች በእውነት ያስፈለገኝ «አፌክት» እና «ኢፌክት» ብቻ ነው። በአማርኛው «ነካ» ማለት ከቻልሁ «አፌክት»፣ «ውጤት» ማለት ከቻልሁ «ኢፌክት» እጽፋለሁ። «ኢፌክት» አልፎ አልፎ «አስገኘ» የሚል ግሥ ስለሚሆን መለያው ፍጹም አይደለም፤ ለዕለት ጽሑፍ ግን አላሳፈረኝም።

ደብተሩ እየወፈረ ሲሄድ የሌሎችን ስሕተት የምመዘግብበት ገጽ ጨመርሁ፤ ይህ የማልኮራበት ክፍል ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለሚቆጠር ነገር «ፊወር» በማለት ፈንታ «ሌስ» ስላለች በሰዎች ፊት አረምኋት። እሷም ሕጉን ማን እንዳወጣው ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ኋላ ስፈልግ ያገኘሁት ሮበርት ቤከር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1770 ባሳተመው መጽሐፍ «ፊወር» የተሻለ እንደሚመስለው የሰጠውን አስተያየት ነው፤ የአንድ ሰው ምርጫ ውሎ አድሮ ሕግ ሆኗል። ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ነውር ነው የሚለውም ባለቅኔው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ጸሐፌ ተውኔቱን ቤን ጆንሰንን ከነቀፈበት ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው፤ ድራይደን ኋላ የራሱን የቀድሞ ድርሰት ሳይቀር በዚሁ መሠረት አርሟል። ለባልደረባዬ ያገኘሁትን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የሌሎችን ስሕተት የያዘውንም ገጽ ቀደድሁት።

አሁን የደብተሩ ግማሽ ተሰርዟል። ያልተሰረዘው «ዘ» የምትለው ትንሽ ቃል የወረረችው ክፍል ነው። «ሕይወት አጭር ናት» ስንል ቃሉን እንደ «ሰውየው» በቅጥያ አንወስነውም፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ ይተወዋል። «ፀሐይ ወጣች» ስንልም አንወስነውም፤ እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ «ዘ»ን ያስገባል። በቀኙ ዓምድ የምጽፈው አማርኛ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ ለዚህ ቃል ሦስተኛ ዓምድ ከፍቼ ምን እንደምጽፍበት እየሞከርሁ ነው።